ከሶኬት ወደ ባትሪ፦ ለጥር ሠርግ ፍላሽ ፍለጋ

ኅዳር 14፣ እሑድ ሌሊት

አሁን ገባሁ። እግሬ አብጧል፣ ጆሮዬ ውስጥ ከበሮው አልቆመም። ነገ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሳያገባ የቀረ ሰው ያለ አይመስልም ነበር፤ የትም ዞር ብትል በአበባ ያጌጠ መኪና ነው። የምጽፈው ግን ስለ ድካሜ አይደለም። ስለ ኤክስቴንሽን ነው።

የዛሬው የቤተሰብ ፎቶ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ነበር። የኔ የስቱዲዮ ፍላሽ ደግሞ ሶኬት የሚፈልግ፣ ስምንት ዓመት ያገለገለኝ ባለ 400 ዋት-ሰከንድ ሽማግሌ ነው። ቅርብ ያለው ሶኬት ዲጄው ጀርባ። ሦስት ኤክስቴንሽን ቀጣጠልን፣ ረዳቴ ሰው እንዳይጠልፈው ገመዱን በፕላስተር ሣሩ ላይ ሊለጥፍ ሞከረ (ፕላስተር ሣር ላይ አይይዝም፣ ዛሬ ተማርን)፣ ከዚያ የሙሽራው ወገን ሠላሳ ምናምን ሰው ተደርድሮ፣ ሕፃናቱ ከፊት ተቀምጠው፣ ሁለት አንስቼ ሦስተኛውን ስጫን ቷ! ብሎ ሁሉም ነገር ጠፋ። ፍላሹም፣ ዲጄውም፣ የቪዲዮ ልጆቹ መብራትም። ብሬከሩ ወርዷል።

በዚያ ጸጥታ መሀል የሙሽሪት እናት «ልጄ፣ አንተ ነህ ያጠፋኸው?» አሉኝ።

«አዎ እናቴ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ጥር ላይ አራት ሠርግ ይዣለሁ። ከዚያ በፊት በባትሪ የሚሠራ ፍላሽ እገዛለሁ። ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት እንዳልረሳና እንዳልዘናጋ ነው።

ኅዳር 16

ፍላሽ ልገዛ ነው ስላት ባለቤቴ «ስንት ጂቢ?» አለችኝ። እዚህ አገር ፍላሽ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው ነው፣ አልፈርድባትም።

መጀመሪያ የምፈልገውን ልጻፍ፤ ካልሆነ ያየሁትን ሁሉ ነው የምመኘው።

አዳራሽ ውስጥ ችግር የለብኝም። ካሜራ ላይ የሚሰካ ሁለት ትንንሽ ፍላሽ አለኝ፣ ለጭፈራና ለኬክ ይበቃሉ። ችግሬ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ያለው ነው። ሙሽሮቹ ከቤት ወጥተው አዳራሽ እስኪገቡ የመናፈሻ ፎቶ የሚነሱት በዚያ ሰዓት ነው፣ ፕሮግራሙን ደግሞ ፎቶ አንሺ አያወጣውም። ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ፀሐይዋ እንደ ምስማር ነው የምትወርድብህ። ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥላ ይጥላል፣ ቀሚሱ ደግሞ ነጭ ስለሆነ ጥልፉ ሁሉ ይቃጠልና አንሶላ ይመስላል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ፀሐይን ከጀርባቸው ታደርግና ፊታቸውን በፍላሽ ትሞላለህ። ጥያቄው «በስንት ፍላሽ?» ነው። እዚህ ላይ የድሮዋ የፊልም ዘመን ሕግ ትሠራለች፦ ጠራራ ፀሐይ ላይ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲጨምር የሚጠብ) 16 ካልክ ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ በሰከንድ ክፍልፋይ) የአይሶው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ግልባጭ ነው፣ አይሶ 100 ከሆነ 1/100 ገደማ ማለት ነው። የኔ ካሜራ ከፍላሽ ጋር አብሮ የሚሄደው እስከ 1/200 ነው። ስለዚህ አይሶ 100፣ 1/200፣ አፐርቸር 11። ፍላሹ በሶፍትቦክስ (ብርሃኑን በሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) ውስጥ አልፎ፣ ሁለት ሰው በሚያበራ ርቀት ማለትም 1 ሜትር ተኩል ላይ ቆሞ፣ አፐርቸር 11 ከደረሰልኝ አለፈ። ካልደረሰ ወደቀ። ፈተናዬ ይህች ብቻ ናት፣ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

ኅዳር 18

ቁጥር ስቆጥር አመሸሁ።

ፕሮፎቶን ከመጀመሪያው አወጣሁት። ስዊድኖች ናቸው የሚሠሩት፣ ከ1968 ጀምሮ ብርሃን ብቻ ነው ሥራቸው፣ ቢ10 የምትባለዋ 250 ዋት-ሰከንድ ኖሯት የትልቅ ሌንስ ያህል ብቻ ናት። ዓይኔን አሳርፌባት መጣሁ። ዋጋዋን ያየሁት ግን ከልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ጎን አስቀምጬ ነው።

ስለዚህ እንደ ብዙዎቻችን ጎዶክስ ላይ ወደቅኩ። የቻይና፣ የሼንዘን ኩባንያ ነው። ከተማው ውስጥ የማውቃቸው ፎቶ አንሺዎች ግማሾቹ እሱን ስለያዙ ባትሪ ብትፈልግ የምትዋሰው አለ፣ ትሪገርህ (ካሜራው ላይ ተሰክቶ ፍላሹን በሬዲዮ የሚያስተኩሰው) ቢሰበር የሚያበድርህ አለ። ለኔ ከወረቀቱ ላይ ቁጥር በላይ ይህ ይበልጣል። ከቤተሰቡ ልጆች ያየኋቸው እነዚህ ናቸው፦ ኤዲ200 ፕሮ፣ ኤዲ300 ፕሮ፣ ኤዲ400 ፕሮ፣ ኤዲ600 ፕሮ። ስማቸው ላይ ያለው ቁጥር ዋት-ሰከንዳቸው ነው። ዋት-ሰከንድ ማለት ውስጡ ያለው ካፓሲተር የሚያጠራቅመው ጉልበት እንጂ የሚወጣው ብርሃን አይደለም፤ ያው ጉልበት በጠባብ አንጸባራቂ ሲወጣና በትልቅ ሶፍትቦክስ ሲወጣ ሰማይና ምድር ነው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። 600 የ200 ሦስት እጥፍ ነው ሲባል ፎቶው ላይ ሦስት እጥፍ የሚታይ ይመስላል። በስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው) ስታሰላው ከ200 ወደ 400 አንድ ስቶፕ ነው፣ ከ400 ወደ 600 ግን ከግማሽ ስቶፕ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ግማሽ ስቶፕ ማለት ደግሞ ሶፍትቦክሱን ከ1 ሜትር ተኩል ወደ 1 ሜትር ከሩብ ማስጠጋት ነው። አንድ እርምጃ እንኳ አይሞላም! ለዚያች ግማሽ እርምጃ ስንት ኪሎ ነው የምሸከመው?

በሙሉ ኃይል ስንት ጊዜ ይተኩሳሉ፣ ለመሙላት ስንት ሰከንድ ይፈጅባቸዋል? ኤዲ200 ፕሮ ወደ 500 ጊዜ፣ 1.8 ሰከንድ። ኤዲ300 ፕሮ 320፣ 1.5። ኤዲ400 ፕሮ 390፣ 1 ሰከንድ። ኤዲ600 ፕሮ 360፣ 0.9። እነዚህ ፋብሪካው የሚላቸው ናቸው፣ ባትሪው አዲስ ሲሆን። 1 ሰከንድና 1.8 ሰከንድ ወረቀት ላይ ያው ናቸው። ሠላሳ ሰው ፊት ቆመህ አንድ አጎት ዓይኑን ሲጨፍን ግን 1.8 ሰከንድ ረጅም ነው።

ኅዳር 21፣ እንጦጦ

አንድ የሙያ ጓደኛዬ ኤዲ600 ፕሮውን ከነሶፍትቦክሱ አዋሰኝ። ጾም ስለሆነ ሠርግ የለም፣ እቃ ቁጭ ብሏል። ረዳቴንና እህቴን ይዤ ወጣሁ። እህቴ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ሙሽራ ሆነች፣ በነጻ አይደለም፣ ምሳ ጋብዣለሁ።

ስለ ብርሃኑ የሚባል የለም። 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ከጀርባዋ፣ በ1 ሜትር ተኩል አፐርቸር 11ን አልፎ ወደ 14 ሄደ። 11ን ሙሉ ኃይሉን ሳልጠቀም አገኛለሁ ማለት ነው። ሲተኩስ ድምፁ ራሱ ደስ ይላል፣ ጧ ይልና ወዲያው ዝግጁ ነኝ ይልሃል።

ክብደቱ ግን። ፍላሹ ብቻውን 3 ኪሎ ገደማ ነው። እሱን ስታንድ አናት ላይ ሰክተህ 1 ሜትር ስፋት ያለው ሶፍትቦክስ ስትጨምርበት ሸራ የወጠረ ጀልባ ሆነ። ረዳቴ ስታንዱን አቅፎ ቆመ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ «አለቃ፣ ክንዴ አልቋል» አለ። ለአንድ ደቂቃ ውሃ ሊጠጣ ሲለቀው ነፋሱ መጣ። ስታንዱ ተገነደሰ፣ እህቴ ጮኸች፣ ፍላሹ ሣር ላይ ዐረፈ። ተመስገን ብርጭቆው አልተሰበረም፣ የሶፍትቦክሱ አንድ ዘንግ ግን ተጣመመ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ክብደት አላሰርኩበትም። ዘንጉን ገዝቼ እተካለሁ፣ ለጓደኛዬም ደውዬ ነግሬዋለሁ፣ ሳቀብኝ።

ለራሴ፦ ሁለት ሊትር ሃይላንድ በውሃ ሲሞላ 2 ኪሎ ነው። አራት ሃይላንድ በፌስታል አስሮ ስታንዱ እግር ላይ ማንጠልጠል። የአሸዋ ከረጢት ከመግዛት ይህ ይሻላል፣ ሲያልቅ ትጠጣዋለህ።

ኅዳር 24

«ለምን ኢንቨርተር ገዝተህ በድሮው ፍላሽህ አትሠራም?» ብሎ አንዱ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አስቤበታለሁ። የሶኬት ፍላሽ ግን እንደ አምፖል ዝም ብሎ እኩል አይደለም የሚበላው፤ በተኮሰ ቁጥር ካፓሲተሩን ለመሙላት ድንገት ብዙ ይስባል፣ ርካሹ ኢንቨርተር ደግሞ ያኔ ነው ጮኾ የሚጠፋው። የማይጠፋውን ለመግዛት ዋጋውም ክብደቱም ባትሪው ውስጡ ካለው ፍላሽ አይተናነስም። እና እንደገና ገመድ። ገመድ በቃኝ።

ኅዳር 28

ዛሬ ማታ የኤዲ200 ፕሮ ተራ ነበር፣ ከሌላ ሰው የተዋስኩት። ይህች እቃ ትወደዳለች። ከነባትሪዋ 1 ኪሎ የማትሞላ፣ ጎን ኪስ ውስጥ የምትገባ። ጭንቅላቷ ይቀያየራል፣ አንዱ እንደ ተራ ፍላሽ ጠፍጣፋ፣ ሌላው አምፖሏ የወጣች። አምፖል ያለበት ለሶፍትቦክስ ይሻላል ምክንያቱም ብርሃኑ ወደ ጎንም ስለሚሄድ ጨርቁን እኩል ይሞላዋል።

የፍላሽ መለኪያ የለኝም። ግቢዬ ውስጥ መብራቱን ሁሉ አጥፍቼ እህቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ሶፍትቦክሱን በሜትር ለክቼ 1 ሜትር ተኩል ላይ አድርጌ፣ ፊቷ ልክ እስኪመጣ አፐርቸሩን ከፈትኩ ዘጋሁ። ልክ የመጣው 8 አካባቢ ላይ ነው፣ እሱም ጨክኜ። አንድ ስቶፕ ጎደለ። ሁለት ገዝቶ በአንድ ማያያዣ ላይ መሰካት ይቻላል፣ ያኔ 400 ይሆናሉ፣ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው፣ አዳራሽ ሲገባ ደግሞ ለያይቶ ሁለት ጥግ ላይ ያቆማቸዋል። ሐሳቡ ደስ ብሎኛል። ግን ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ቻርጀር፣ ሁለት አምፖል፣ እና የሚሞሉበት ፍጥነት ያው 1.8። ረዳቴ አንዱን ባትሪ ቻርጅ ማድረግ እንኳ እየረሳ ነው፣ ሁለት ስሰጠው ምን ሊሆን ነው።

ጎረቤቴ በአጥር በኩል «ምንድን ነው በዚህ ሌሊት የሚበርቀው?» ብለው ወጡ። ፎቶ ነው አልኳቸው። «በጨለማ?» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ታኅሣሥ 1

ጉንፋን። ተኝቼ ዋጋ ሳይ ዋልኩ፣ ባሰብኝ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ እቃው ደግሞ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው በዶላር ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲወጡ ኤዲ200 ፕሮ ወደ 350፣ ኤዲ400 ፕሮ ወደ 650፣ ኤዲ600 ፕሮ ወደ 900 ዶላር ነበሩ። አባዛሁት። ስልኬን ገልብጬ ተኛሁ።

ታኅሣሥ 4

አዲስ ከተወደደ ያገለገለ። አንድ ሰው ኤዲ400 ፕሮ ሊሸጥ ነው ተብሎ ካፌ ተገናኘን። ሻጩ ትሑት ነው፣ ማኪያቶ ጋበዘኝ፣ እዚያው መጠርጠር ነበረብኝ።

ያገለገለ ፍላሽ የምፈትነው እንዲህ ነው። ባትሪውን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እነካዋለሁ፤ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሆዱ አብጧል ማለት ነው። የአምፖሉን ጫፎች አያለሁ፣ የጠቆሩ ከሆኑ ብዙ ተኩሷል። (አምፖሉን በባዶ እጅ አትንኩ፣ የጣት ቅባት ሲግል ብርጭቆው ላይ ይቀራል፤ በንጹሕ ጨርቅ ያዙት።) ከዚያ በሙሉ ኃይል ሠላሳ ጊዜ በተከታታይ፣ ስልኬ ላይ ሰዓት እየያዝኩ።

የሰውዬው ባትሪ ጠረጴዛው ላይ እንደ ዥዋዥዌ ሄደ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ምቶች 1 ሰከንድ ገደማ። አሥረኛው ላይ 4 ሰከንድ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ጠፋ። «ወንድሜ፣ ቻርጅ ስላላደረግኩት እኮ ነው» አለ። የባትሪው ምልክት ሙሉ ነው የሚለው። አዲስ ባትሪ ብቻ ብገዛለትስ ብዬ አሰብኩ፣ ግን የአምፖሉም ጫፍ ከሰል ሆኗል። የማኪያቶውን እኔው ከፍዬ ወጣሁ። ባልጋበዝ ኖሮ ይሻል ነበር።

ታኅሣሥ 7

ዛሬ ብዙ ተማርኩ፣ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ደህና ኤዲ400 ፕሮ ለአንድ ቀን ተከራየሁ። ክብደቱ 2 ኪሎ ገደማ። የቦውንስ ቀለበት (የተለመደ የሶፍትቦክስ ማያያዣ) ስለሚቀበል የድሮው ፍላሼ ሶፍትቦክሶች ሁሉ ይገቡበታል፣ ይህ ብቻውን ብዙ ብር አዳነኝ። በ1 ሜትር ተኩል ላይ አፐርቸር 11 ደረሰ። ልክ 11። ከዚያ በላይ ትንሽ ትርፍ አለው እንጂ ብዙ አይደለም። ፈተናዬን አልፏል።

ግን አፐርቸር 11 ላይ የሚነሳ የሠርግ ፎቶ ማን ይፈልጋል? ከሙሽሪት ጀርባ ያለው የቆሻሻ ገንዳ፣ የቆመው ሚኒባስ፣ ሌላው ሙሽራና የሌላው ሙሽራ ሚዜዎች፣ ሁሉም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሰው የሚፈልገው ጀርባው ቅልጥ ያለ፣ አፐርቸር 2.8 ነው። ከ11 ወደ 2.8 አራት ስቶፕ ነው። ሹተሩን ከ1/200 ወደ 1/3200 ማውጣት አለብህ።

ፍላሹ ይህን በሃይ ስፒድ ሲንክ ይችላል፣ እስከ 1/8000። የሚሠራው ግን አንድ ትልቅ ምት በመስጠት አይደለም። በዚያ ፍጥነት የሹተሩ መጋረጃ ሴንሰሩን በአንዴ አይከፍተውም፤ ጠባብ ክፍተት ነው እየተንሸራተተች የምታልፈው፣ ስለዚህ ፍላሹ ክፍተቷ እስክታልፍ ድረስ እየተርገበገበ መብራት አለበት። አብዛኛው ብርሃን የተዘጋው መጋረጃ ላይ ይፈስሳል። ዛሬ ሳየው የእህቴ ፊት ሁለት ስቶፕ ያህል ጠቆረ። እንዲመለስ ሶፍትቦክሱን ወደ 70 ሳንቲ ሜትር አስጠጋሁት፣ ያኔ ሶፍትቦክሱ ራሱ ፎቶው ውስጥ ገባ። ፍላሹም ጋለ።

ከዚያ የድሮ ኤንዲ16 ፊልተሬን ከመሳቢያ አወጣሁ፣ ለፏፏቴ ብዬ ገዝቼው ሁለቴ የተጠቀምኩበት። ብርሃንን ወደ 1/16 ይቀንሳል፣ አራት ስቶፕ። ሌንሱ ላይ ጠመዘዝኩት፣ ሹተሩን 1/200 ላይ ተውኩት፣ አፐርቸር 2.8። ፊልተሩ ፀሐይንም ፍላሽንም እኩል ነው የሚቀንሰው፣ ፍላሹ ግን አሁን በሙሉ አቅሙ አንድ ምት ነው የሚሰጠው፣ የሚባክን የለም። ፊቷ ልክ መጣ። ጀርባው ቀለጠ። የምሳ ሰዓት እንደሆነ ያሳበቀው የሆዴ ጩኸት ብቻ ነበር።

እዚያው ቆሜ ገባኝ። ስድስት መቶ ስፈልግ የነበረው በሃይ ስፒድ ሲንክ የሚባክነውን ለመተካት ነበር። የሚባክነውን ፊልተር ካስቀረው 400 ይበቃል። ጉዳቱ፣ በፊልተር ውስጥ ሲታይ ጨለም ስለሚል ካሜራው ትኩረት ሲይዝ አንዳንዴ ይንገታገታል፤ ፀሐይ ላይ ስትሆን ግን ይይዛል። ርካሽ ፊልተር ደግሞ ቀለም ያመጣል፣ የኔ ጥቂት ቢጫ አለበት፣ ኋላ ኮምፒውተር ላይ አስተካክላለሁ።

ሌላ ነገር። ፍላሹ ራሱ መጥኖ እንዲተኩስ፣ በቲቲኤል፣ ሞከርኩት። ነጠላዋን ስትከናነብ ካሜራው ነጩን አይቶ «በዛ» ይልና ብርሃኑን ይቀንሰዋል፣ ፊቷ ጠይም ነው፣ ጠቆረ። ነጠላዋን ስታወርድ እንደገና በራ። የኔን ጥቁር ካፖርት ደርባ ስትቆም ደግሞ በተቃራኒው ፊቷ ነደደ፤ የመልስ ካባ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ዓይነት ፊት። በእጄ አስተካክዬ፣ ሜትሩን ለክቼ፣ ርቀቱን ሳልቀይር ስሠራ ሁሉም አንድ ሆነ። ለሐበሻ ልብስ ማኑዋል ነው፣ አለቀ።

ታኅሣሥ 10

ወስኛለሁ። ኤዲ400 ፕሮ፣ አዲስ፣ አንድ ትሪገር፣ አንድ ትርፍ ባትሪ።

የአክስቴ ልጅ ለገና ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ትመጣለች። ደወልኩላት። እቃውን ታመጣለች፣ እሺ አለች። ባትሪውን ግን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺ ስላት ደነገጠች።

«ምን ማለትህ ነው? ቦምብ ነው እንዴ?»

«ባትሪ ነው እህቴ። የስልክሽ ዓይነት፣ ተለቅ ያለ።»

«እና ለምን ሻንጣ ውስጥ አይገባም?»

አስረዳኋት። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው፣ ታች ጭነት ውስጥ ከተቃጠለ የሚያየው የለም። ለብቻው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለውን ያለ ፈቃድ መያዝ ይቻላል፣ ይህ 56 ገደማ ነው። ጫፉ ላይ ያሉት ብረቶች ከሌላ ብረት ጋር እንዳይነካኩ በየራሱ ከረጢት አድርጊው፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አትጣዪው። «ሽሮና በርበሬ ይዤ ስሄድ እንዲህ አልተጨነቅኩም» አለች።

የሚገዛውን በስልክ ጻፍኩላት። ትሪገሩ በየካሜራው የተለየ ነው፣ ከስሙ መጨረሻ ያለችው ፊደል ትለየዋለች፣ «ፊደሏን አደራ» ብዬ ሦስቴ ነገርኳት።

ታኅሣሥ 26

መጣች። ፍላሹ መጣ። ቦሌ ላይ ጠይቀዋት ቦርሳዋን ከፍታ አሳይታለች፣ አለፈች። ባትሪዎቹን ሁለት የተለያየ ካልሲ ውስጥ ከታ ነው ያመጣቻቸው፣ የጫማ ካልሲ፣ አልሳቅኩም።

ትሪገሩን ሳወጣ ግን የካኖን ነው። እኔ ኒኮን ነኝ። ልጮህባት ስል የላክሁላትን መልእክት ከፈትኩት። እኔው ነኝ የካኖኑን የጻፍኩት። ፊደሏን አደራ ያልኩትም እኔው።

መሬት ዋጠችኝ። ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ካሜራው አናት ላይ ሰክቼ ተጫንኩ፣ ፍላሹ ተኮሰ። ለካ መሀል ላይ ያለችው ትልቋ ነጥብ «ተኩስ» የምትለዋ ናት፣ የኔም ካሜራ እሷን ይልካል። የሚለያዩት ዙሪያዋ ያሉት ትንንሾቹ ናቸው፣ ቲቲኤልና ሃይ ስፒድ ሲንክ የሚሄዱት በእነሱ ነው። ሁለቱንም ከሦስት ሳምንት በፊት ትቻቸዋለሁ። የፍላሹን ኃይል ከፍና ዝቅ ማድረግ በትሪገሩ ራሱ፣ በሬዲዮ ስለሆነ ይሠራል። ትንንሾቹን ነጥቦች በስኮች ሸፈንኳቸው፣ የማይሆን ነገር እንዳይነጋገሩ። 1/200ን እንዳላልፍ ብቻ ነው የምጠነቀቀው፤ ካለፍኩ ፎቶው ከታች ጥቁር ጠርዝ ያወጣል።

ለአክስቴ ልጅ «ትክክለኛው ነው» አልኳት። በአንድ ዓይነት ትክክለኛ ነው።

ጥር 9፣ ቅዳሜ፣ ሌሊት

የመጀመሪያው ሠርግ። በቅደም ተከተል ልጽፍ አልችልም፣ ደክሞኛል።

6 ሰዓት ከሃያ ላይ መናፈሻ ገባን። ከእኛ ጋር ሦስት ሌሎች ሙሽሮች አሉ፣ ዛፉ አንድ ነው፣ ወረፋ። ሌሎቹ ዛፉን ሲጠብቁ እኔ ሙሽሮቼን ሜዳ ፀሐይ ላይ አቆምኳቸው። ሚዜዎቹ «እዚህ? በዚህ ፀሐይ?» አሉ። ካሜራው ጀርባ ላይ አንዱን ሳሳያቸው ዝም አሉ፣ ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ካሜራዬን ፎቶ አነሱት።

ስታንዱ አልወደቀም። አራት ሃይላንድ። ሁለቱን ረዳቴና የሙሽራው ታናሽ ወንድም ጠጧቸው፣ በኋላ ሳይ ስታንዱ በሁለት ሃይላንድ ነው የቆመው።

የቤተሰብ ፎቶ ላይ ሃያ ስምንት ሰው። ለዚህ ሶፍትቦክሱ አይበቃም፣ አወጣሁና ነጭ ጃንጥላ ከፍ አድርጌ 4 ሜትር ላይ አቆምኩ። ርቀቱ ሲጨምር ብርሃኑ በካሬ ነው የሚቀንሰው፣ ግን በፊት ያሉት አያቶችና ከኋላ ያሉት የአጎት ልጆች እኩል እንዲበሩ ራቅ ማለቱ ግድ ነው። ጥላ ውስጥ ስለነበርን አይሶን 400 አድርጌ ፊልተሩን አወጣሁ። አንዱን አጎት ዓይኑን ሳይጨፍን ለመያዝ ስድስት ጊዜ ፈጀ፣ በየሰከንዱ። አልጠፋም። ዲጄውም አልጠፋም።

አዳራሹ በሐምራዊ ጨርቅና በሐምራዊ መብራት ነው ያጌጠው፣ ጣሪያ ላይ ብርሃን ብታንጸባርቅ ሙሽራው ወይን ጠጅ ይሆናል። ፍላሹን ጥግ ላይ ቀጥታ በጃንጥላ አቁሜ በ1/8 ኃይል አሠራሁት። ኃይሉ ሲቀንስ ምቱም አጭር ስለሚሆን እስክስታ ላይ የትከሻው እንቅስቃሴ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ጌጡ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ። ለእሱ ስል ደግሜ እገዛዋለሁ።

ጥፋት አንድ፦ ረዳቴ ፍላሹ ላይ ያለችውን ማሳያ መብራት አብርቶ ረሳት፣ አንድ ሰዓት ያህል በከንቱ ስትነድ ቆየች፣ ባትሪው 3 ሰዓት ላይ መጮህ ጀመረ። ትርፉን ቀየርኩ። ያለ እሱ ኬኩን አላገኘውም ነበር። እሷን መብራት ከምርጫው ውስጥ አጥፍቻታለሁ።

ጥር 15፣ ዓርብ ማታ

ነገ ቢሾፍቱ ሠርግ አለ፣ ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳለን። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሁለቱንም ባትሪ ቻርጅ ልሰካ ስል መብራት ሄደ። 11፣ የለም። 12፣ የለም። አንደኛው ሙሉ ነው፣ ሁለተኛው ባዶ።

ከቤቴ ሥር ያለው የሴቶች ፀጉር ቤት ጀነሬተር አለው። ቻርጀሩን ይዤ ወረድኩ። ባለቤቷ ካስኩ ሥር የተቀመጠችውን ደንበኛ እየተወች «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ፣ ፍላሽ ነው አልኳት፣ «ስንት ጂቢ?» አለች። ከፀጉር ማድረቂያው ጎን ሰካችልኝ። ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋሉ፣ አሁን 1 ከአርባ ነው። ቀዩ መብራት ገና አረንጓዴ አልሆነም፣ እኔም ከሦስት ሴቶች ጋር ተራ እንደያዘ ሰው ተቀምጬ ይህን እየጻፍኩ ነው።